ጋሽ ከድር ደበቀው የተባለው ማኅተም

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በጥር ወር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ልርሳው ብል እንኳ የሰፈራችን ሰው አያስረሳኝም። ከላምበረት እስከ ገርጂ ኳስ የሚወድ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያወራዋል፣ ይስቅበታል፣ ይራገምበታል። የሚያወራው ግን ተሳስቶ ነው። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉም አብሬያቸው ስራገም ኖሬአለሁ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ግቢ ጭነት በማውረድና በመጫን እተዳደር ነበር። ከሥራ በተረፈኝ ሰዓት «ንጋት» ለሚባል የሰፈር ቡድን በተከላካይነት እጫወታለሁ። ካፒቴኑም እኔ ነበርኩ። ጥሩ ተጫዋች ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ከዳኛ ጋር ለመጨቃጨቅ ከእኔ የሚሻል ስላልነበረ ነው።

ቡድናችን በከተማው የመጨረሻው ዲቪዚዮን ውስጥ ይወዳደር ነበር። በያጆች፣ ጋራዥ የሚሠሩ፣ ተማሪዎች፣ እንደ እኔ ያሉ የቀን ሠራተኞች ነበርን። ከሁላችን የሚለየው ታሪኩ የሚባለው ነው። የሃያ ዓመት ልጅ፣ የግራ ክንፍ ተጫዋች። ቀን ብረት ሲበይድ ይውልና ዓይኑ ደም ለብሶ ልምምድ ይመጣል፤ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ግን እኛ ቆመን ማየት ነው የሚቀረን። «ካፒቴን» እያለ ያከብረኝ ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ ከልቡ የሚያከብረኝ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ቡድኑን ያቋቋመውና የሚያስተዳድረው ጋሽ ከድር የሚባል ነጋዴ ነው። ላምበረት መናኸሪያው አጠገብ ቆርቆሮና ምስማር ይሸጣል። ማልያውን የገዛው እሱ፣ የመኪና የሚከፍለው እሱ፣ ከጨዋታ በኋላ ምሳ የሚያበላን እሱ ነው። የቡድኑም ሊቀመንበር እሱ ነበር። ማኅተማችን የሚቀመጠው ከሱቁ ባንኮኒ ሥር፣ ከምስማር ጣሳዎቹ ጎን ነው። ክብ፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ መሐሉ ላይ ኳስና ፀሐይ የተቀረጸበት ማኅተም ነበር። ጋሽ ከድር ወረቀት ላይ ከማሳረፉ በፊት ሁልጊዜ እፍ ይልበታል። ያንን ሲያደርግ ሚኒስትር ያክላል እያልን እንስቅበት ነበር።

የዚያን ዓመት ውድድር በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ነገር ተበላሸ። መጀመሪያ የመኪናው ቀረ። በእግራችን ወይም በራሳችን ኪስ መሄድ ጀመርን። ቀጥሎ ምሳው ቀረ። ከዚያ ማልያ ለምታጥብልን ሴትዮ የሚከፈለው ቀረ። ጋሽ ከድርን ስንጠይቀው ይቅርታ አይልም፣ አይለሳለስም። «እኔ መንግሥት አይደለሁም» ይላል፣ ወይም ጭራሽ ሰላምታችንን ሳይመልስ ወደ ጓዳ ይገባል። እንደ ጥንቱ «ጠጡ» ብሎ ለስላሳ ማዘዝ ቀርቶ ወንበር እንኳ አይስብልንም።

እኛ ደግሞ ሐሜት አያንሰንም። ቡልቡላ መሬት ገዝቶ ቤት እየሠራ ነው ተባለ። ሌላው መጥቶ ሁለተኛ መኪና ገዛ አለ። በቡድኑ ስም ከትልልቅ ነጋዴዎች ብር ሰብስቦ በላ ያለም አለ። ማን እንዳየ፣ ከማን እንደተሰማ የሚጠይቅ የለም። እውነቱን ለመናገር ካፒቴኑ እኔ የሰማሁትን ጨምሬበት ነበር የማወራው።

በደምቡ መሠረት ሦስት ጊዜ ፎርፌ የሰጠ ቡድን ከውድድር ይሰረዛል። ሁለት ጊዜ በመኪና እጦት ዘግይተን ፎርፌ ሆኖብን ነበር። በሦስተኛው እሁድ ሁላችንም በሰዓቱ ሜዳ ተገኘን። ማልያ ግን አልነበረም። አጣቢዋ «የሦስት ወር ሳይከፈለኝ አንድ ካልሲ አይወጣም» ብላ በሯን ዘጋችብን። በሐምሌ ዝናብ እንኳ ማልያችንን አድርቃ ታደርስልን የነበረች ሴት ናት። ዳኛው ሰዓቱን እያየ ትንሽ ጠበቀን፤ ከዚያ ፊሽካውን ነፍቶ ሄደ። እኛ በየቤት ልብሳችን የሜዳው ዳር ላይ ቆመን ቀረን። ተጋጣሚዎቻችን ሲያልፉ «ለቅሶ ነው እንዴ?» አሉን። እኔ አንዱን ልማታ ተነስቼ ታሪኩ ነው የያዘኝ።

ማክሰኞ ዕለት መሰረዛችን ተነገረን። ዓመቱ ገና ሳይጋመስ ቡድን የሚባል ነገር የለንም።

ለታሪኩ ግን በዚያው ሳምንት አምላክ ሌላ በር ከፈተለት። የአንድ ትልቅ ክለብ አሠልጣኝ ከዚህ በፊት ሲጫወት አይቶት ኖሮ ለሁለተኛው ዙር እፈልግሃለሁ አለው። ደመወዝ ያለው ክለብ ነው። የሚያስፈልገው ቴሴራው፣ ማለት የተጫዋችነት መታወቂያው፣ እና ከንጋት የተጻፈ መልቀቂያ ነው። ማኅተም ያረፈበት መልቀቂያ። ምዝገባው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሆነን ወደ ጋሽ ከድር ሱቅ ሄድን። መንገድ ላይ ታሪኩ እጄን ይዞ ወደ ኋላ አስቀረኝና ነገሩን ነገረኝ። «ካፒቴን፣ በናትህ ዛሬ እንዳትጣላው። መልቀቂያዬን እስካገኝ ብቻ።» እኔም «እሺ» አልኩት። እንኳን ደስ አለህ አላልኩትም። እሺ ብቻ። እኔን የጠየቀኝ ክለብ አልነበረም፤ ከእንግዲህም እንደማይኖር አውቃለሁ። ይህንን ዛሬ ነው አፌን ሞልቼ የምናገረው። ያኔ ለራሴም አላመንኩም።

ሱቁ ስንገባ መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነበር። አይተናል፤ ግን ሌላ ቦታ ትልቅ ሱቅ ሊከፍት ነው ብለን ተረጎምነው። ጋሽ ከድር ባንኮኒው ላይ አንድ ወረቀት እያተመ ነበር። ቀለሙና ማኅተሙ ፊቱ ተቀምጠዋል። ታሪኩ ቀደም ብሎ በትሕትና ጠየቀው። ጋሽ ከድርም ሳያንገራግር «ደብዳቤውን ነገ አስተይበህ አምጣ፣ አትምልሃለሁ። እግርህ ደህና ቦታ ያድርስህ» አለው። ጉዳዩ በዚሁ አልቆ ነበር። አመስግኖ መውጣት ብቻ ነበር የቀረን።

እኔ ግን ካፒቴን ነኛ። «ጋሽ ከድር፣ እኛስ? እንዲሁ በትነውን ዝም ይላሉ?» አልኩት። «ከዛሬ ወዲያ ቡድን የለም፤ ሁላችሁም ወደ ሥራችሁ» አለ። ቤት መሥሪያ ሲሆን ብር አለ፣ ለእኛ ሲሆን የለም ወይ አልኩት። ፊቱ ተለወጠ። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ከልጆች ጋር ኳስ ትላለህ? ጸጉርህ ሳይመለጥ ሂድና ሚስት አግባ» አለኝ።

ጓደኞቼ ሳቁ። በረኛችን ባንኮኒውን እየመታ ነው የሳቀው። ታሪኩም ፈገግ ሲል አየሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ጮህኩ። የባንኮኒውን ጠርዝ ገፋሁት፣ የምስማር ጣሳዎቹ ወለል ላይ ተገለበጡ። እኔ ስጮህ ሌሎቹም ድፍረት አገኙ፤ አንዱ ኳሶቹን፣ አንዱ መረቡን፣ አንዱ ከግድግዳው ላይ የድሮ ዋንጫችንን አነሳ። ታሪኩ «ተዉ፣ ተዉ» እያለ በመሐል ይሽከረከራል። ጋሽ ከድር አልከለከለንም። ጎንበስ ብሎ ምስማሩን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ። በጣም አናደደኝ። እኛ ቡድናችን ፈርሶ እሱ ምስማር ይለቅማል አልኩ። ማኅተሙ ባንኮኒው ላይ ነበር። አንስቼ ኪሴ ከተትኩትና ወጣሁ። ያየኝ ሰው አልነበረም፣ ወይም አልነበረም ብዬ አስብ ነበር።

ወደ ገርጂ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ድልድይ አለ። ከሌሎቹ ተለይቼ ብቻዬን እዚያ ቆምኩ። ማኅተም የሌለው ሊቀመንበር እስቲ ምን እንደሚሆን አያለሁ ብዬ ወደ ወንዙ ወረወርኩት። ቆሻሻ ውኃ ነው፣ ድምፅ እንኳ አልሰጠም። ስለ ታሪኩ አስቤ ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አስቤ ነበር። ማኅተሙ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት አስታውሼዋለሁ፤ እጄ ግን አልተመለሰም።

ሐሙስ ጠዋት ታሪኩ ደብዳቤውን አስተይቦ ሄደ። ጋሽ ከድር መሳቢያውን ሁሉ ገልብጦ ላቡ እየወረደ ሲፈልግ ደረሰ። «ጠፍቷል» አለው። ታሪኩ ማመን አልቻለም። ትናንት ፊቱ የነበረ ማኅተም ዛሬ እንዴት ይጠፋል? ለምኖ፣ አልቅሶ፣ በመጨረሻ ተሳድቦ ወጣ። ጋሽ ከድር ያለ ማኅተም ፈርሞ ሰጠው። ታሪኩ ፊርማውን ይዞ ትልቁ ክለብ ድረስ ሄደ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ምን ይሠራልናል ብለው መለሱት። አዲስ ማስቀረጽ ደግሞ የፖሊስ ማስረጃ፣ የጽሕፈት ቤት ፈቃድ፣ ስንት ጣጣ ያለው ነገር ነው፤ በሁለት ቀን የሚያልቅ አይደለም።

ዓርብ ንጋት ላይ፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። በእጄ ጭቃውን ስዳብስ ያገኘሁት አንድ የሴት ጫማና የተሰበረ ጀሪካን ብቻ ነው። እጄን ታጥቤ ሥራ ገባሁ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት አለፈ። ክለቡ ሌላ የግራ ክንፍ አስፈረመ። ታሪኩ ወደ ብየዳው ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ሞክር ብንለው ጫማውን ለሰው ሰጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመዝናናት እንኳ ኳስ ሲመታ አላየሁትም።

ጋሽ ከድር ማኅተሙን የደበቀው ሊበቀለን ነው የሚለው ወሬ በሳምንቱ ሰፈሩን ሞላው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ እኔም የራሴን ምሳር ይዤ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሱቁ ተዘጋ። መኪናውን የሸጠው ገና ድሮ እንደነበረ፣ መደርደሪያው የጎደለው ዕቃ የሚያበድረው ስላጣ እንደነበረ ኋላ ሰማን። ነጋዴ ከሰረ ከተባለ ዱቤ የሚሰጠው የለም፤ ለዚህ ነው ማንንም ሳያማክር አፉን ዘግቶ የከረመው። ይህን ከሰማን በኋላ እንኳ አላዘንንለትም። «ይበለው» አልን። እኔ ነኝ መጀመሪያ ይበለው ያልኩት።

ታሪኩ ከብየዳው ወጥቶ ሾፌር ሆነ። ዛሬ በገርጂ መስመር የራሱን ሚኒባስ ይነዳል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በሱ ታክሲ ተሳፍሬ ከፍዬ አላውቅም። ብር ሳወጣ በመስታወት ያየኝና ለረዳቱ «ካፒቴን ነው፣ ተወው» ይለዋል። ረዳቶቹ ቢቀያየሩም ቃሉ አይቀየርም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እኔ ብቻዬን የማውቀውን ይዤ በነፃ ስሄድ ኖርኩ። አንዳንድ ቀን የሱን መኪና ሳይ ተደብቄ ሌላ እጠብቅ ነበር።

ባለፈው ወር ጋሽ ከድር አረፈ። ለቅሶው ቡልቡላ ነበር፤ የኖረው ያቺ ሐሜተኞች ቪላ ባሏት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። የድሮ ተጫዋቾች ተጠራርተን ሄድን። ድንኳን ውስጥ አንድ ጥግ ይዘን ስንቀመጥ በረኛችን፣ አሁን ጎረምሳ ልጆች ያሉት ሰው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማኅተሙን አብረው ቀበሩለት ይሆን?» አለ። ሳቅን። ለቅሶ ቤት አፍን በእጅ ሸፍኖ የሚሳቀውን ሳቅ ታውቁታላችሁ። ታሪኩ አልሳቀም። «ይዞብኝ ሄደ» ብቻ አለ።

ሰዓዳ፣ የጋሽ ከድር ልጅ፣ ከኋላችን ውኃ እያደለች ነበር። ማሰሮውን ለሌላ ሰው ሰጥታ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ አንድ የታጠፈ፣ የቆየ ወረቀት ይዛለች። «አባቴን የምታሙበት ማኅተም ነገሩ ይኸውላችሁ። ካፒቴኑ የትኛው ነው? እሱ ያንብበው» አለች። ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ግን ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ።

አነበብኩ። ጋሽ ከድር በዚያው ሐሙስ ለፖሊስ የጻፈው ማመልከቻ ቅጂ ነው። ማኅተሙ በራሱ ጥንቃቄ ጉድለት መንገድ ላይ እንደጠፋበት፣ ማንንም እንደማይጠረጥር ይላል። ከሥሩ ፊርማው አለ።

«እኔ ልጅ ነበርኩ፣ አብሬው ሄጄአለሁ» አለች ሰዓዳ። «ፖሊሱ ሱቅ የገባ ሰው ነበር ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። የለም አለ። ስንወጣ ለምን ዋሸህ ብለው፣ አንዱን ብጠራ ዘጠኙንም ያስሯቸዋል፣ ሥራ ያላቸው ልጆች ናቸው አለኝ። ማን እንደወሰደው ያውቅ ይሆን አላውቅም። እናንተ ግን ታውቃላችሁ።»

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት። በረኛችን መሬት መሬት ያያል። ያኔ እዚያው መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ውኃዬን አንስቼ ጠጣሁ።

ስንመለስ ታሪኩ በሚኒባሱ ሊያደርሰኝ አስገባኝ። ሁለታችን ብቻ ነበርን። የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥር እያለፍን ሳለ «ማኅተሙን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወንዝ ጣልኩት» አልኩት። መንዳቱን ቀጠለ። ሰማኝ አልሰማኝ እያልኩ ሳስብ ዳር ያዘና ቆመ።

«መንገድ ላይ እንዳትጣላው ስልህ ሰምተኸኝ ነበር?» አለ።

«ሰምቼህ ነበር።»

የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከዚያ «የመንገዱን ክፈልና ውረድ» አለኝ። ያለኝን ኖት ሰጠሁት። መልስ አልነበረውምና ከፊት ያለችውን ሣጥን በርብሮ ሳንቲም በሳንቲም አሟልቶ መለሰልኝ። ወረድኩ። በሩን እሱ አልዘጋውም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

በማግስቱ ሰዓዳ ዘንድ ተመልሼ ነገርኳት። ግቢው ውስጥ ቆማ ሰማችኝ፣ ይግቡም አላለችኝ። «ለኔ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ይጠቅመኛል? ድንኳኑ ውስጥ በሳቁት ሁሉ ፊት ይንገሩ» አለችኝ። ድንኳኑ ግን ፈርሷል። ስለዚህ ይኸው በጋዜጣ ጻፍኩት፤ የሰፈሬ ሰዎች፣ ማኅተሙን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ንስሐ ገብቶ ቀለለው እንዳትሉኝ። አልቀለለኝም። ጋሽ ከድርን ሳስበው ዛሬም እናደድበታለሁ። አስጠርቶ ቢያሳስረኝ ኖሮ በስድስት ወርም በዓመትም ጨርሼ እወጣ ነበር። ታሪኩም ያኔውኑ ያውቅ ነበር። ደግነቱ ለማን እንደጠቀመ እኔ አይገባኝም፤ እኔን አልጠቀመኝም። ከዚህ የባሰ የምናደደው ግን በራሴ ነው። ሚስት አግባ ስላለኝ የአንድ ልጅ እግር ቆረጥኩ። ያገባሁት ደግሞ በዓመቱ ነው።

ባለፈው ሰኞ ገርጂ ፌርማታ ላይ ቆሜ የታሪኩ ሚኒባስ መጣ። አልተደበቅሁም። ቆመልኝ፣ ገባሁ። ረዳቱ የቆየ ሰው ነው፣ ያውቀኛል። ሂሳብ እየሰበሰበ እኔ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ አልፎኝ ሊሄድ ነበር። ታሪኩ በመስታወት አየን።

«ከሱም ተቀበል» አለው።